በእጅ የሚሠራ የሸራ ጀልባና ኤሌክትሪኩ፦ ለሐይቅና ለአርዲቦ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ስሙም ሐይቅ የተባለ ሐይቅ ይገኛል። ከሱ ከፍ ብሎ ደግሞ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። ሁለቱም ላይ ንፋስ አለ። ኮምፔንሳቶ ቆርጦ፣ ባህር ዛፍ ጠርቦ የራሱን የሸራ ጀልባ መሥራት የሚያስብ ሰውም አይጠፋም። አናጢነቱ ላይ ሰዉ ብዙም አይቸገርም። ጥያቄ የሚበዛው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። እዚህ የሰበሰብኩት ደጋግሞ የሚመጣልኝን ነው። መልሶቹ ከ5 እስከ 7 ሜትር ለሚረዝም፣ በ12 ቮልት ለሚሠራ ትንሽ ጀልባ የታሰቡ ናቸው።

ለመሆኑ የሸራ ጀልባ ኤሌክትሪክ ምን ያደርግለታል?

ለመሄድ ከሆነ ምንም። የሚገፋው ንፋስ ነው። ቀን ቀን ብቻ ለምትወጡበት የ4 ሜትር ጀልባ አንድ ጥሩ የእጅ ባትሪና ቻርጁ የሞላ ስልክ ይበቃል። እንዲህ ላለው ሰው ገንዘብህን ሸራው ላይ አውለው ነው የምለው።

ነገሩ የሚለወጠው ሲመሽ ነው። ዓሣ አጥማጆች ማታ መረብ ይጥላሉ፣ ንጋት ላይ ያነሣሉ። ታንኳቸው ዝቅ ያለች ናት፤ በጨለማ በቀላሉ አትታይም። ሸራ ዘርግታችሁ ስትመጡ እነሱ እናንተን ማየት አለባቸው፤ እናንተም መረባቸው ላይ መውጣት የለባችሁም። ከመብራት ቀጥሎ ወለሉ ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ የሚያወጣ ፓምፕ ይመጣል። ከዚያ ጥልቀት መለኪያ፣ የካቢን መብራት፣ የስልክ ቻርጅ። ለትንሽ ጀልባ ዝርዝሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንስማማ። ኤሌክትሪኩ ድርግም ብሎ ቢጠፋ ጀልባው ወደ ዳር መመለስ መቻል አለበት። በሸራ፣ ንፋስ ከሌለም በመቅዘፊያ። ይህን የማያሟላ ዕቅድ ወረቀት ላይ እያለ ይቀደድ።

ዝርጋታውን መቼ ልጀምር? ጀልባው አልቆ ቀለም ከተቀባ በኋላ አይደርስም?

አይደርስም። የላይኛው ወለል ከመገጠሙ በፊት፣ የጀልባው ሆድ ክፍት እያለ ነው ጊዜው። ያኔ እጃችሁ የትም ይገባል። ወለሉ ከተዘጋ በኋላ ግን አንዲት ሽቦ ከኋላ ወደ ፊት ለማሳለፍ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ያለቀ ሥራ መብሳትም ይመጣል።

መጀመሪያ ወረቀት ያዙ። ጀልባውን ከላይ እንደሚታይ ሣሉት። ባትሪው የት እንደሚሆን፣ ፊውዝ ቦክሱ የት እንደሚገጠም፣ እያንዳንዱ መብራትና ፓምፑ የት እንደሚቀመጥ ምልክት አድርጉ። ከዚያ የሽቦውን መንገድ በቀይ እስክሪብቶ አስምሩ። መንገዱ ውኃ ከሚጠራቀምበት ቦታ በላይ ይሁን። ከታች መውረድ ያለበት የፓምፑ ሽቦ ብቻ ነው።

በመንገዱ ላይ ለቤት ዝርጋታ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ቱቦ ግጠሙ። ቀጭን ሳይሆን ሰፋ ያለውን። ሽቦዎቹን ስታሳልፉ አንድ ሲባጎ አብራችሁ አሳልፉና እዚያው ተዉት። ከዓመት በኋላ አንድ መብራት ልጨምር ስትሉ አዲሱን ሽቦ የሚጎትትላችሁ እሱ ነው። ቱቦ በሌለበት ቦታ ሽቦው በየ45 ሴንቲሜትሩ ይታሰር። ጀልባ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል። የተንጠለጠለ ሽቦ ከእንጨቱ ጋር እየተፋጨ ላስቲኩን ይጨርሳል።

ሥዕሉን አትጣሉት። ፎቶ አንሱት፤ አንድ ቅጂም በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጀልባው ውስጥ አስቀምጡ።

ስንት አምፒር ባትሪ ልግዛ?

ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ሂሳብ ሥሩ። ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ “ትልቁን ስጠኝ” ይላል። ትልቅ ባትሪ ከባድ ነው፣ ውድ ነው፤ ትንሽ ሶላር ደግሞ ሞልቶት አያውቅም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በቀን በሚሠራበት ሰዓት ታባዛላችሁ። አንድ ምሳሌ ልሥራላችሁ። የምሰሶ መብራት 2 ዋት ቢሆንና ሌሊቱን 10 ሰዓት ቢበራ 20 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሁለት የካቢን መብራቶች፣ እያንዳንዳቸው 3 ዋት፣ ለ4 ሰዓት 24። ሁለት ስልክ ቻርጅ ለማድረግ 30። 5 ዋት የሚወስድ ጥልቀት መለኪያ ለ4 ሰዓት 20። 36 ዋት የሚወስድ ፓምፕ በቀን ለሩብ ሰዓት ቢሠራ 9። ድምሩ 103 ዋት-ሰዓት ነው። ለ12 ሲካፈል 8.6 አምፒር-ሰዓት ገደማ ይመጣል።

ይህ የአንድ ቀን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የወሎን ሰማይ ታውቁታላችሁ፤ ፀሐይ ሦስት ቀን ልትጠፋ ትችላለች። በሦስት ስናባዛው ወደ 26 ይጠጋል። የአሲድ ባትሪ ደግሞ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ እጥፍ እናደርገዋለን፦ 52። ገበያ ላይ ከዚህ ከፍ ብሎ የሚገኘው 60 ከሆነ እሱን ውሰዱ። 100 አያስፈልጋችሁም።

የናንተ ዝርዝር ከዚህ ይለያል። ዋቱን ከዕቃው ጀርባ አንብቡ። ዋት ካልተጻፈና አምፒር ብቻ ካለ በ12 አባዙት።

የመኪና ባትሪ አለኝ። አይሆንም?

ለሙከራ ይሆናል። ለዘለቄታው ግን አይመከርም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ይሰጥና ዲናሞው ወዲያው ይሞላዋል። ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ፣ በማግሥቱም እንደገና ሲወርድ ቶሎ ይደክማል።

የሚሻለው ለሶላር ተብሎ የሚሸጠው የታሸገ ባትሪ ነው። ውኃ አይጨመርበትም፤ ጀልባው ቢያዘነብልም አሲድ አያፈስም። አቅም ያለው ሊትየም ይግዛ። በተለይ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ዓይነት። ክብደቱ በጣም ይቀንሳል፤ ከጉልበቱም እስከ 80 በመቶ ድረስ ሳይጎዳ መጠቀም ይቻላል። ከላይ ላሠላነው ጀልባ 40 አምፒር-ሰዓት ሊትየም በቂ ነው። ቻርጅ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ግን ሊትየም የሚል ምርጫ ያለው መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ።

የአሲድ ባትሪ ምን ያህል እንደቀረው ቮልትና አምፒር በሚለካው በመልቲሜትር ማወቅ ይቻላል። ምንም ሳይሠራበት፣ ምንም ሳይሞላው ጥቂት ሰዓት አሳርፋችሁ ለኩት። 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። 11.9 ካሳየ ዛሬውኑ ቻርጅ ይደረግ። ባዶውን ወራት የተቀመጠ የአሲድ ባትሪ ከሳህኖቹ ላይ የማይለቅ ክሪስታል ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞላም ያንኑ ጉልበት አይሰጥም። ስለዚህ ጀልባውን ለክረምት ስታቆሙት ባትሪውን ነቅላችሁ ቤት አስገቡት፤ በየወሩም ሙሉት።

የሚቀመጥበት ቦታ መሃል፣ ዝቅ ያለ፣ ደረቅ ይሁን። በጠንካራ ቀበቶ ይታሰር፤ ጀልባው በንፋስ ቢጋደም ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። ፈሳሽ አሲድ ያለው ዓይነት ከሆነ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ያለበት ሳጥን ከላይ ንፋስ ማስወጫ ይኑረው።

ሶላሩስ? ስንት ዋት፣ የትስ ልስቀለው?

ፀሐይ ላይ ወሎ ዕድለኛ ነው። በበጋ በቀን ከ5 ሰዓት ያላነሰ ሙሉ ፀሐይ ይገኛል። ዕቅዱ ግን በመጥፎው ወቅት ይሠራ። በደመናው ጊዜ 3 ሰዓት ብቻ ብንቆጥርና በመንገድ የሚባክነውን 30 በመቶ ብንቀንስ፣ 50 ዋት ሶላር 105 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። የኛ ፍጆታ 103 ነበር። በቃ፣ 50 ዋት።

ቦታው ነው የሚያስቸግረው። የሸራ ጀልባ ላይ ጥላ የማይደርስበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ሸራው፣ ምሰሶው፣ የምሰሶው ገመድ ሁሉ ጥላ ይጥላል። በሶላር ላይ ደግሞ ጥላ ክፉ ነው። ከሳህኑ ትንሽ ጥግ ብቻ ቢሸፈን የሚቀንሰው ያቺ ጥግ የምትሰጠው ብቻ አይደለም፤ ሴሎቹ ተያይዘው ስለሚሠሩ ከግማሽ በላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከሚመቻችሁ ቦታ ይልቅ ጥላ የማያገኘውን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ጫፍ ላይ ከፍ ብሎ የሚገጠመው ይሻላል። እኛ ያለንበት ኬክሮስ 11 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ አጋድሞ መስቀል ብዙ አያጎድልም። ጀልባውም አቅጣጫውን ስለሚለዋውጥ ማዘንበሉ ላይ አትጨነቁ።

ቻርጅ ኮንትሮለር ሳይኖር ሶላሩን በቀጥታ ባትሪ ላይ መግጠም ክልክል ነው። ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ሶላሩ። ሲፈታ በተቃራኒው፣ መጀመሪያ ሶላሩ። ብዙ ኮንትሮለር የሚቃጠለው ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው።

ከቤት ዝርጋታ የተረፈኝ ሽቦ አለ። ልጠቀምበት?

አንድ ወፍራም ሽቦ ብቻ ያለበት ከሆነ አትጠቀሙ። እንደሱ ዓይነቱ የተሠራው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሳይነቃነቅ ለሚኖር ነው። ጀልባ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ እየታጠፈ ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል፤ ላስቲኩ ግን ደህና ስለሚመስል ብልሽቱን ለማግኘት ያንገበግባል። የሚፈለገው ከብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተሠራ ለስላሳ ኬብል ነው።

ባሕር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ክሮቹ በቆርቆሮ የተለበጡበትን ኬብል ይጠቀማሉ፤ ጨው መዳብን ቶሎ ይበላዋል። ሐይቅም አርዲቦም ጨዋማ አይደሉም። ጫፉ በደንብ ከታሸገ ተራው ለስላሳ የመዳብ ኬብል ለዓመታት ያገለግላል። የተለበጠውን ካገኛችሁ ግን ጨመር አድርጋችሁም ቢሆን ግዙት።

ውፍረቱ ላይ ደግሞ መሰሰት አያስፈልግም። 12 ቮልት ትንሽ ጉልበት ነው፤ በቀጭን ሽቦ ረጅም መንገድ ከሄደ መድረሻው ላይ ይደክማል። በቁጥር እንየው። 3 አምፒር የሚወስድ ፓምፕ ከባትሪው 6 ሜትር ይርቃል እንበል። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 12 ሜትር ነው። በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 0.42 ቮልት ይጠፋል፤ 3.5 በመቶ ማለት ነው። በ2.5 ሽቦ ግን 0.25 ቮልት ብቻ፣ 2 በመቶ ገደማ። ለመጓጓዣ መብራትና ለመሳሰለው ወሳኝ ነገር ከ3 በመቶ በላይ እንዳይጠፋ ይመከራል። እኔ ፓምፑንም ከወሳኞቹ ነው የምቆጥረው። ለካቢን መብራትና ለስልክ ቻርጅ እስከ 10 በመቶ ይፈቀዳል።

ባጭሩ፦ ከባትሪው እስከ ፊውዝ ቦክሱ 6፣ ለፓምፑ 2.5፣ ለመብራቶቹ 1.5። ለኤል ኢ ዲ መብራት ከዚህ የቀጠነም ኃይሉን ያደርሳል፤ ግን በእጅ ሲጎተት ይበጠሳል።

ፊውዝ የት የት ነው የሚገባው? ስንትስ?

ይህን ጥያቄ በደንብ እንየው። ጀልባ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያለ ስህተት ነው። ከእሳት የሚሸሹበት ቦታ ደግሞ ውኃ ነው፤ ያውም ሐይቅን የሚያህል ጥልቅ ውኃ።

ፊውዝ ዕቃውን የሚጠብቅ ይመስላችኋል። ዋና ሥራው ሽቦውን መጠበቅ ነው። ትንሿ ባትሪ እንኳ ሁለቱ ጫፎቿ በስህተት ቢገናኙ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ትለቃለች። ሽቦው በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ አጠገቡ ያለው ኮምፔንሳቶ ይያያዛል። ስለዚህ ፊውዝ የሚገባው ኃይሉ የሚነሣበት ጫፍ ላይ ነው። በአሜሪካ የጀልባና የያት ምክር ቤት መመሪያ መሠረት ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ7 ኢንች ውስጥ፣ ማለትም በ18 ሴንቲሜትር ገደማ፣ መሆን አለበት። ሽቦው ተጨማሪ መሸፈኛ ካለው ርቀቱ ይላላል። እናንተ ግን 18 ሴንቲሜትሯን ያዙ። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ቁራጭ ሽቦ ምንም ጠባቂ የለውምና ባጠረ ቁጥር ይሻላል።

ለኛ ትንሽ ጀልባ ዋናው ፊውዝ 30 አምፒር፣ ሽቦው 6 ሚሊ ሜትር ካሬ። ከዚያ ዋና ማጥፊያ፤ ከማጥፊያው ወደ ፊውዝ ቦክስ። ከቦክሱ ለእያንዳንዱ መስመር የራሱ ፊውዝ፦ ለመብራት 3፣ ለስልክ ቻርጅ 5። ለፓምፑ፣ መስመሩ ከቦክሱ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ቢመጣም፣ አምራቹ የጻፈውን አስገቡ፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ነው። ከሶላሩ ኮንትሮለር ወደ ባትሪው የሚመጣው ሽቦም ፊውዝ ይፈልጋል፤ እሱም ባትሪው አጠገብ ይሁን።

የመኪናው ባለ ሁለት ጥርስ ፊውዝ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። በየመለዋወጫ ሱቁ አለ። ቀለሙም ይናገራል፦ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20። ሲቃጠል ደግሞ ውስጡ ተቆርጦ ይታያል።

ፊውዝ ሲቃጠል ሽቦ ጠምጥሞ መመለስ የሚባል ነገር ጀልባ ላይ አይታሰብ። አዲሱ ፊውዝ እንደገና ከተቃጠለ ያንን መስመር አጥፍታችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

የባጃጅ ወይም የመኪና ኤለትሪሲስታ ቢዘረጋልኝስ?

እሰየው ነው። ኮምቦልቻና ደሴ ያሉት ልጆች 12 ቮልትን ከማንም በላይ ያውቁታል። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ብልሽት በማግኘት የሚችላቸው የለም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ጀልባ ማሳ የለውም።

መኪና ላይ ኔጌቲቩ ከሻንሲው ጋር ይገናኛል። መብራት ለመግጠም አንድ ሽቦ ይዘረጋል፤ መመለሻው የመኪናው ብረት ነው። የእንጨት ጀልባ ላይ ይህ ከመነሻውም አይሠራም። ችግር የሚያመጣው ጀልባው ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም ከተሠራ ነው። ይሠራል፣ መብራቱም ይበራል። ግን ኤሌክትሪኩ በጀልባው ገላ በኩል ሲመለስ ከፊሉ በውኃው ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ምክንያት ከውኃው በታች ያለው ብረት ይበላል። ቀለሙ ሥር ስለሚሆን ቀዳዳ እስኪወጣ አይታይም።

ደንቡ ይኸው ነው፦ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ሽቦ። ቀይ ሄዶ፣ ጥቁር ይመለሳል። ጥቁሮቹ ሁሉ አንድ የመዳብ ወይም የናስ ዘንግ ላይ ተሰብስበው፣ ከዘንጉ አንድ ወፍራም ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይሄዳል። ቀለሙን ደግሞ መሃል ላይ አትቀያይሩ። ቀይ አለቀብኝ ተብሎ በሰማያዊ የተቀጠለ መስመር ከዓመት በኋላ ማንንም ያደናግራል።

የሽቦውን ጫፍ ሶልደር ላድርገው ወይስ በናስትሮ ልጠቅልለው?

ሁለቱንም አይደለም። ናስትሮ እርጥበት ላይ ሙጫው ይለቅና ይፈታል። ሶልደር ጠንካራ ይመስላል፤ ግን ቀልጦ በክሮቹ መካከል ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ለስላሳውን ኬብል እዚያ ቦታ ላይ ደረቅ ዘንግ ያደርገዋል። ከዚያ ጀልባው ሲንቀጠቀጥ ልክ ደረቁ ባለቀበት ነጥብ ላይ ይሰበራል።

የሚሻለው የመዳብ ቀለበት ጫፍ በመጭመቂያ ፒንሳ መግጠም ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሙቀት የሚኮማተረውን፣ ውስጡ ሙጫ ያለበትን ላስቲክ ሽቦው ላይ አሳልፉ። ይህ ከተረሳ ሁሉም እንደገና ይፈርሳል። ከዚያ የሽቦውን የራሱን ላስቲክ ከጫፉ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ላጡ፤ አንድም ክር እንዳይቆረጥ። ክሮቹን በጣት ጠመም አድርጋችሁ ቀለበቱ ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገቡ። በፒንሳው ትክክለኛ ጥርስ ላይ አስቀምጣችሁ እስኪለቅ ድረስ ጨምቁ። አሁን ጎትቱት። በደንብ፣ ባለ በሌለ ኃይላችሁ። ከወጣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ መውጣቱ ይሻላል። ካልወጣ የሚኮማተረውን ላስቲክ መልሳችሁ አንገቱ ላይ አምጡና በላይተር ራቅ አድርጋችሁ አሙቁት። ሲኮማተር በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ሙጫ ብቅ ሲል ታያላችሁ። ያቺ ሙጫ ከወጣች ውኃ አይገባም።

ይህ ሳይደረግ የቀረ ጫፍ ከአንድ ክረምት በኋላ ሲፈታ ክሮቹ አረንጓዴ ዱቄት ለብሰው ይገኛሉ። ዱቄቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መብራቱ ሲደክምና አምፖሉ ሲወነጀል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ይህ ነው።

ማታ የትኛው መብራት ነው የሚበራው?

በዓለም አቀፉ የ1972 የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ መሠረት በሸራ የሚሄድ ጀልባ በግራው ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ፣ ከኋላው ነጭ ያበራል። ከ20 ሜትር በታች የሆነ ጀልባ ሦስቱንም አንድ ላይ አድርጎ በምሰሶው ጫፍ መስቀል ይችላል። ከ7 ሜትር በታች ሆኖ ይህ ካልተመቸው ደግሞ የእጅ ባትሪ ወይም ፋኖስ አዘጋጅቶ ግጭት ከመድረሱ በፊት በጊዜ ማሳየት አለበት። መልሕቅ ጥሎ ለቆመ ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ አንድ ነጭ መብራት ነው።

ደንቡ የተጻፈው ለባሕርና ከባሕር ጋር ለተገናኘ ውኃ ነው። ሐይቅ ላይ ያለ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ልማድ ከየት ያመጣል? አንድ ማስታወሻ ብቻ፦ በሞተር ስትሄዱ የምሰሶው ባለ ሦስት ቀለም መብራት ይጥፋ። እሱ በሸራ ነው የምሄደው ማለት ነው።

የምሰሶው ሽቦ ከላይ እስከ ታች የራሱን ክብደት ተሸክሞ እንዳይንጠለጠል ጫፉ ላይ እሰሩት። ወደ ጀልባው ከሚገባበት ቀዳዳ በፊት ደግሞ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ እንደገና ወደ ላይ ይግባ። ዝናቡ ሽቦውን ተከትሎ ሲወርድ ጎንበስ ካለው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ውስጥ አይገባም።

ፓምፑን እንዴት ላገናኘው?

ከዋናው ማጥፊያ በፊት፣ በራሱ ፊውዝ፣ በቀጥታ ከባትሪው። ጀልባውን አጥፍታችሁ ቤት ስትገቡ ሌሊት ዝናብ ቢመጣ ተንሳፋፊው ማብሪያ፣ ውኃው ሲጨምር አብሮ ከፍ የሚለው፣ ራሱ ያስነሣዋል። የሚያስወጣበት ቱቦ ከውኃው መስመር በላይ ከፍ ብሎ ዞሮ ይውጣ። ዝቅ ካለ ፓምፑ ሲቆም ውኃው በዚያው መንገድ ተመልሶ ጀልባውን ሊሞላው ይችላል። ባልዲም ይኑር።

የኤሌክትሪክ ሞተር ብጨምርስ?

ንፋስ ሲጠፋ ወደ ዳር ለመግባት ግሩም ነው። ድምፅ የለውም፤ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቅጣጫ ለሚሄድ ሰው ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ፍላጎቱ ግን ከሌላው ሁሉ ይለያል። በ12 ቮልት የሚሠራ መካከለኛ ሞተር በሙሉ ጉልበት እስከ 50 አምፒር ይወስዳል። ከላይ የሠራነው የቀን ሙሉ ፍጆታ 8.6 አምፒር-ሰዓት ነበር። ሞተሩ ይህን በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የራሱ ባትሪ፣ የራሱ ፊውዝ፣ የራሱ ወፍራም ሽቦ ይኑረው፤ ከመብራቱ ጋር አይገናኝ። አለበለዚያ ሞተሩ ባትሪውን ጨርሶ በጨለማ ያስቀራችኋል።

220 ቮልት ኢንቨርተር ልግጠም?

ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት እንደ ቤቱ ወደ 220 የሚቀይር ዕቃ ነው። እኔ አልገጥምም። 1,000 ዋት የውኃ ማፍያ በኢንቨርተር ቢሠራ ከባትሪው ወደ 100 አምፒር ይስባል። 220 ቮልትና እርጥብ ወለል ደግሞ ሰው ይገድላሉ። ስልክ፣ መብራት፣ ሬዲዮ ሁሉ በ12 ቮልት ወይም በዩ ኤስ ቢ ይሠራል። ቡናውን ዳር ወርዳችሁ በከሰል አፍሉ። ከዳር ካለ ቤት ኤክስቴንሽን ስቦ ጀልባው ውስጥ ማስገባትም ያው አደጋ ነው። ባትሪውን ቤት ወስዶ ቻርጅ ማድረግ ይሻላል።

መብረቅስ? ምሰሶው ይስበዋል ይላሉ።

ባዶ ሐይቅ ላይ ከሁሉም የሚረዝመው ምሰሶው ስለሆነ ያሰጋል። የባህር ዛፍ ምሰሶም ከአሉሚኒየሙ አያድንም፤ እርጥብ እንጨት ሲመታ ይፈነዳል። ለባሕር ጀልባ ከምሰሶው ጫፍ ወፍራም መዳብ አውርደው ውኃ ውስጥ ካለ የብረት ሳህን ጋር ያገናኙታል። ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ግን ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ያ ሳህን ሐይቅ ላይ እንደ ባሕሩ አያገለግልም፤ መብረቁ ሌላ መውጫ ፍለጋ ወደ ጎን፣ ወደ ሰውም ሊዘል ይችላል።

ስለዚህ መልሴ የኤሌክትሪክ አይደለም። በክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር አትውጡ። ከወጣችሁ በኋላ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ለመመታት ቅርብ ናችሁ ማለት ነው፤ ሸራ አውርዳችሁ ወደ ዳር ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መውጫ ካጣችሁ ከምሰሶውና ከብረት ገመዶቹ ርቃችሁ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ሁለት የብረት ነገሮችን ባንድ ጊዜ አትንኩ።

ውኃ ላይ ከማውጣቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ሁሉንም አጥፉና መልቲሜትሩን አምፒር ላይ አድርጋችሁ ከባትሪው ኔጌቲቭና ከሽቦው መካከል አስገቡ። ምንም ሳይበራ የሚታይ ፍጆታ ካለ፣ ከኮንትሮለሩ ጥቂት ሚሊ አምፒር በስተቀር፣ የሆነ ቦታ መፍሰስ አለ። ቀጥሎ ሁሉንም አብሩና ቮልቱን መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ጋ ሄዳችሁ ለኩ። ልዩነቱ ካሠላችሁት ከበለጠ የላላ ጫፍ አለ። ሳይበራ መለካት ዋጋ የለውም፤ የላላው ጫፍ የሚታወቀው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው።

ሽቦዎቹን እጃችሁን እየሰደዳችሁ ዳስሱ። ለብ ያለ ካለ ቀጥኗል ወይም አልጠበቀም። ተንሳፋፊውን ማብሪያ በጣት አንሡት፤ ፓምፑ መነሣት አለበት። ከዚያ ሁለት ባልዲ ውኃ ወለሉ ሥር አፍስሱና ራሱ አውጥቶ ራሱ ሲቆም እዩ።

መለዋወጫ ደግሞ በተዘጋ ጣሳ ያዙ፦ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ፊውዝ፣ ጥቂት የመዳብ ቀለበት፣ አንድ ሜትር ሽቦ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ። የእጅ ባትሪው ግን ጣሳው ውስጥ አይግባ። በጨለማ በእጅ የሚገኝ ቦታ፣ መሪው አጠገብ ይሰቀል።